ልዕልና ሱዚ የሚይዝላት ያጣች ዕለት

የሚያምነኝ ካለ እጁን ያውጣ! የለም አይደል? ቅሩ፣ እኔ ግን እናገራለሁ።

ኮንዶሚኒየማችን ውስጥ ልዕልና የምትባል የዘጠኝ ዓመት ልጅ አለች። ቅዳሜ ከሰዓት አንድ ነገር ብቻ አማራት፤ ከጓደኛዋ ከሲፈን ጋር ሱዚ መዝለል። ላስቲኩን ባንድ በኩል ምሰሶ ላይ ጠመጠመችው። በሌላው በኩል የሲፈን እግር ያስፈልጋል። ሲፈን ደግሞ ዛሬ ሰፈር ልትለቅ ነው፤ አሥር ሰዓት ላይ የዕቃ መኪና ይመጣል።

«ሲፉ፣ ነይ ያዢልኝ!»

«አልይዝም! ኖላዊ ‹አልቃሻ› ብሎኛል። ይቅርታ ካላለኝ ንክች አላደርገውም።»

ወደ ሲፈን ታናሽ ወንድም ሮጠች። «ኖላዊ፣ ይቅርታ በላት፤ ሲፈን ሱዚ አልይዝም አለች!»

«አልልም! እማዬ በባዶ ሜዳ ቆነጠጠችኝ። ካልሳመችኝ አልልም።»

ወደ እናትየዋ ሮጠች። «እትዬ አበቡ፣ ኖላዊን ይሳሙት፤ ኖላዊ ይቅርታ አልልም አለ፣ ሲፈን ሱዚ አልይዝም አለች!»

«የምን መሳም ነው አንቺ! ዕቃው ሳይታጠብ መኪናው ሊመጣብኝ ነው። ጋሽ ድንቁ ውሃ እስኪከፍቱ ማንንም አልስምም!»

ወደ ጥበቃው ሮጠች። የውሃው ቁልፍ እሳቸው ኪስ ነው። «ጋሼ፣ ውሃ ይክፈቱ፤ እትዬ አበቡ አልስምም አሉ፣ ኖላዊ ይቅርታ አልልም አለ፣ ሲፈን ሱዚ አልይዝም አለች!»

ጋሽ ድንቁ ጀርባቸውን ለግድግዳ ሰጥተው ቆመዋል። አይቀመጡም፣ አይዞሩም።

«አልከፍትም። ወንበሬ ላይ ማስቲካ የለጠፈው ሰው እስኪወጣ ጠብታ የለም። ለነገ ለልጄ ምርቃት የገዛሁት ሱሪ ነው። ልለካው ብዬ ለበስኩት…»

አልጮኹም። ቢጮኹ ይሻል ነበር።

ልዕልና ከዚህ ወዲያ ወደ ማን ትሩጥ? ማስቲካውን የለጠፈችው እሷ ናት! ጠዋት በር ሥር ተደብቃ፣ ወንበሩ ከጋሽ ድንቁ ጋር ብድግ ሲል ሆዷን ይዛ ስቃለች። ማንም አላያትም። ዝም ብትል ማን ያውቃል? ሰዓቱ ግን እየሄደ ነው።

«እኔ ነኝ፣ ጋሼ። የሚያስቅ መስሎኝ ነው። ይቅርታ።»

ጋሽ ድንቁ ቁልፉን ከኪሳቸው አወጡ። «እኔ እኮ አንቺን አልጠረጠርኩም» አሉ። ይሄ ከቁንጥጫ በላይ አመማት።

ከዚያ ጋሽ ድንቁ ውሃ ከፈቱ፣ እትዬ አበቡ ኖላዊን ሳሙ፣ ኖላዊ ይቅርታ አለ፣ ሲፈን ሱዚ ያዘች! ልዕልና ቁርጭምጭሚት ዘለለች። ወደ ጉልበት ከፍ ሊያደርጉት ሲሉ መኪናው በር ላይ ክላክስ አደረገ።

ሲፈን የማስቲካውን ነገር ሰምታለች፤ ላስቲኩን ከእግሯ አወጣች። «ጠዋቱኑ ብትናገሪ እኮ ወገብ እንደርስ ነበር» አለች።

እባካችሁ፣ እንደ ልዕልና ቀልድ የሚወድ ልጅ ካወቃችሁ ይሄን ንገሩልኝ። መኪናው ሳይመጣበት።