ጠብታዋ የቆመች ዕለት

አንድ የመሬት ቀያሽ ጡረታ ሲወጣ፣ አብሮት በረሃ ለበረሃ ሲዞር የኖረ የውጭ አገር ሰው መኪናውን ስጦታ ሰጥቶት ወደ አገሩ ተመለሰ። መኪናዋ ያረጀች ናት። ነገር ግን ሌሎች መኪኖች የሌላቸው ነገር ነበራት፤ ከሾፌሩ ጀርባ የሚዘረጋ አልጋ፣ አንዲት ትንሽ የጋዝ ምድጃ፣ አበባ አበባ ያለበት መጋረጃ። አልጋም ምድጃም ስላላት የሰፈሩ ሰው «ባለትዳሯ» ብሎ ሰየማት።

ቀያሹ ወንድይራድ ይባላል፤ ሚስቱ የሺመቤት። የሺመቤት ወገቧን ስለሚያማት ከአንድ ሰዓት በላይ መቀመጥ አትችልም፤ አውቶቡስ ከተሳፈረች ብዙ ዓመት ሆኗታል። ታላቅ እህቷ እትዬ ማንያህልሻል ደግሞ ከአራት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ፣ ሐይቅ ከተማ ዳርቻ ብቻዋን ትኖራለች። እናታቸው ቀድማ ስለሞተች የሺመቤትን አዝላ ያሳደገቻት እሷ ናት። አሁን ዓይኗ ደክሟል፣ ጉልበቷም ከደጅ አያሳልፋትም። ስለዚህ አልጋ ያላት መኪና ግቢ ስትገባ የሺመቤት እልል አለች።

«እህቴን ሳላያት ነው የምሞተው ብዬ ተስፋ ቆርጬ ነበር» አለች። «ወንዴ፣ ተኝቼ እሄዳለሁ ማለት ነው?»

«እንደ ንግሥት ተኝተሽ! ትንሽ ነገር ላስተካክልና እንሄዳለን» አላት።

ይቺ «ትንሽ ነገር» ስድስት ዓመት ፈጀች።

ወንድይራድ ሰነፍ አልነበረም፤ ሰነፍ ቢሆን ኖሮ ይሻል ነበር። ዕድሜውን ሙሉ መሬት ሲለካ የኖረ፣ አንዲት ጣት ስሕተት እንቅልፍ የምትነሳው ሰው ነው። መኪናዋንም ሌላ እጅ እንዲነካበት አልፈለገም። ቱታ ለብሶ፣ መፍቻ ይዞ ከሥሯ ገባ። የመጀመሪያውን ዓመት ፍሬኗን ሠራ፤ የጣርማበር ቁልቁለት ያለ ፍሬን አይታሰብማ። በሁለተኛው ዓመት ለደሴ ዳገት ብሎ ፍሪሲዮኗን ቀየረ። በሦስተኛው ዝገቷን ፋቀ፣ ቀለም ቀባ። ቀለሙ አልተመቸውምና በአራተኛው ደግሞ ቀባ። ትንሣኤ በመጣ ቁጥር እትዬ ማንያህልሻል ደውላ «መጣችሁ?» ትላለች፤ እሱም ስልኩን ተቀብሎ «ትንሽ ነው የቀረን፣ እትዬ» ይላታል።

መኪናዋ ግን በእነዚያ ዓመታት ሁሉ ትሄድ ነበር። ማታ ማታ ሞተሯን አስነሥቶ ሰፈሩን አንድ ጊዜ ይዞርባትና መልሶ ያቆማታል። ይህን ልብ በሉልኝ።

በአምስተኛው ዓመት አንድ ነገር ብቻ ቀረ። ከሞተሯ ሥር ዘይት ጠብ ይላል፤ ስታድር ሦስት አራት ጠብታ ሲሚንቶው ላይ ይገኛል። ዘይት እንዳያሾልክ በመጋጠሚያው የሚገባውን ጋርኒሲዮን ቀየረ፤ ጠብ አለ። ደግሞ ቀየረ፤ ጠብ አለ። በመጨረሻ አንጀቱ ቢቃጠል ሙዘይን የሚባለውን የሰፈሩን አንጋፋ መካኒክ ጠርቶ አሳየው። ሙዘይን ጎንበስ ብሎ አየና ሳቀ።

«ጋሽ ወንድይራድ፣ አሮጌ መኪና እኮ ታንጠባጥባለች! መፍራትስ ማንጠባጠብ ያቆመች ዕለት ነው። አንድ ሊትር ዘይት ከኋላ ያዙና ሂዱ በቃ።»

«በግማሽ ሥራ ሚስቴን ይዤ ገደል ለገደል አልሄድም» አለ ወንድይራድ። ከዚያ ወደ የሺመቤት ዞሮ «ይቺ ጠብታ የቆመች ዕለት እንነሣለን» አላት።

የሺመቤት ይህን ቃል ያዘች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ባሏ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ሊሳለም ሲወጣ እሷ ወደ መኪናዋ ትሄዳለች። ወለል ላይ የወደቀ መርፌ ማንሳት የማትችለው ሴት የኋላ ጎማውን ተደግፋ፣ ጥርሷን ነክሳ ትንበረከክና ዘይቱን በአሮጌ ጨርቅ ትጠርጋለች። ጨርቁን ከውኃ በርሜሉ ጀርባ ትደብቃለች። ማታለል መሆኑን ታውቃለች፤ ግን እህቷ እያረጀች ነበር።

ወንድይራድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ፣ ቤት ከመግባቱ በፊት በየጠዋቱ ሲሚንቶውን ያያል። አንድ ሳምንት ደረቅ። ሁለተኛው ሳምንትም ደረቅ። ፊቱ ፈካ። የሺመቤት ሻንጣዋን አውጥታ ለእህቷ ያስፈተለችውን ጋቢ ከላይ አደረገች። ለመነሣት ሦስት ቀን ሲቀር ግን ወንድይራድ የዘይት መለኪያውን መዘዝ አድርጎ አየ። ዘይቱ ጎድሏል። መሬቱ ደረቅ፣ ዘይቱ ጎዶሎ! የሙዘይን ቃል ትዝ አለው። ሙዘይን ቀልዶ ነበር፤ ወንድይራድ ግን ቀልድ የሚለካበት መሣሪያ አልነበረውም።

«የሺ፣ ይቺ መኪና ዘይቱን ውስጥ ለውስጥ እየበላችው ነው» አላት። «ዘይቱን የሚያግደው የፒስተኑ ፋሻ አልቆ ይሆናል። ሞተሩ መውረድ አለበት።»

«ወንዴ፣ ምናልባት እኮ…»

«ይኼ አንቺ የምታውቂው ነገር አይደለም። ትንሽ ነው፤ ቢበዛ ሁለት ወር ነው።»

ነገሩ አፏ ላይ ደርሶ ተመለሰ። ብትናገር ወደ ጠብታው ይመለሳል፣ ባትናገር ሞተሩን ያወርዳል። ሞተሩ ወረደ፣ ብሎን በብሎን ተፈታ፣ ጆንያ ላይ ተሰጣ። እያንዳንዷን ብሎን እያጠበና እየለካ ገና ፋሻው ጋ ሳይደርስ፣ ሁለት ወር የተባለው ስምንት ወር ሆነ። ሻንጣውም ሳይፈታ ጥግ ላይ ቆመ።

መጋቢት ውስጥ አንድ ማክሰኞ ጠዋት ስልክ ተደወለ። እትዬ ማንያህልሻል ዐርፋለች።

የሺመቤት ባለችበት መሬት ላይ ተቀመጠች። ወንድይራድ ወጥቶ ሙዘይንን ይዞ መጣ። ሁለቱ ሰዎች መጀመሪያ ፋሻውን አዩት፤ ጤነኛ ነበር። ጆንያው ላይ ያለውን ሰብስበው መግጠም ጀመሩ፣ ረቡዕ ከቀትር በፊት ሞተሩ ተነሣ። ስለ ቀለም፣ ስለ ጠብታ ያነሣ የለም። ስድስት ዓመት ያልበቃው ሥራ በአንድ ቀን ተኩል አለቀ። ለቅሶ ነዋ!

የሺመቤት እንደተባለው እንደ ንግሥት ተኝታ ሄደች፤ ጥቁር ለብሳ። ቀብሩ አልፏቸዋል፤ የሚደርሱት ለሠልስቱ ነው። የጣርማበርን ቁልቁለት ጨርሰው ደብረ ሲና ሲደርሱ ወንድይራድ ፍሬኑ ይቀዝቅዝ ብሎ ቆመ። እንደ ልማዱ ጎንበስ ብሎ ከሥር አየ። አስፋልቱ ላይ ጠብ።

«የሺ! ታንጠባጥባለች እኮ! ቆማ አልነበረም እንዴ?»

«ቆማ አታውቅም» አለች ፊቷን ወደ መጋረጃው እንዳዞረች። «እኔ ነበርኩ የምጠርገው። የቆመች ዕለት እንነሣለን ስላልከኝ።»

ወንድይራድ የመንገዱ ዳር ላይ ተቀመጠ። ያ ጎንበስ የማይል ወገብ በየጠዋቱ ሲሚንቶ ላይ ሲንበረከክ ታየው፤ እንደ ሕፃን አለቀሰ። አላፊ አግዳሚው መኪና የተበላሸበት ሰው መስሎት «እናግዝዎት፣ አባት?» ይለው ነበር።

ባለትዳሯ መንገዱን ሙሉ እያንጠባጠበች የደሴን ዳገት ወጣች፣ በማግስቱም ሐይቅ ገባች። የአካባቢው አጥሮች በር ጠባብ ስለሆነ ወንድይራድ መኪናዋን ውጭ ሊያቆም ሲል የእትዬ ማንያህልሻል ጎረቤት ወይዘሮ ዘሀራ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው እየተጣደፉ መጡ።

«ግቡ፣ ግቡ፣ ትገባለች» አሉ። «እትዬ እኮ ናት በሩን ያስሰፋችው። አልጋ ያላት ትልቅ መኪና ይዘው ነው የሚመጡት ብላ፤ ይኸው አምስት ዓመቱ። ዓይኗ ከደከመ ወዲህማ መኪና ባለፈ ቁጥር ‹ዘሀራ፣ እነሱ ናቸው?› ትለኝ ነበር።»

መኪናዋ አጥሩን ሳትነካ ገባች። በግራም በቀኝም አንድ አንድ ክንድ ተርፏት ነበር።

እኛ ለቅሶ የማናስቀር ሰዎች ነን። ሥራ ትተን፣ መኪና ለምነን፣ ዳገት ቁልቁለት ሳንል እንደርሳለን፤ ይህም ደግ ባህል ነው። ለጥየቃ ሲሆን ግን ሁልጊዜ ትንሽ ነገር ይቀረናል። የሞተ ሰው መምጣታችንን አያይም። በቁሙ ያለው ነው በር አስሰፍቶ የሚጠብቀን። ወንድይራድ ሚስቱንም እህቷንም ይወድ ነበር፤ የጎዳቸውም ፍቅሩን አሳምሮ ካልጨረሰ በቀር ለማድረስ እምቢ ማለቱ ነው። እንከን የሌላት መኪና የለችም፣ እንከን የሌለው ቀንም አይመጣም። እያንጠባጠባችሁም ቢሆን ሂዱ።

ለመሆኑ እናንተን እየጠበቀ፣ መኪና ባለፈ ቁጥር «እነሱ ናቸው?» እያለ የሚጠይቅ ማን አላችሁ?