የባህል ጽሕፈት ቤቱ ማዘርቦርድ

አንድ ቀን በጨፌ ውሃ ወረዳ ባህል ጽሕፈት ቤት መብራት ጠፍቶ ቆየና ሲመለስ ኃይሉ በዝቶ የቢሮውን ብቸኛ ኮምፒውተር አቃጠለው። አንዴ ጧ አለ፣ ከዚያ ጸጥ። ክፍሉን የተቃጠለ ላስቲክ ሽታ ሞላው። ሌላው ሠራተኛ «ተገላገልን፣ የዘንድሮ ሪፖርት ቀረ!» እያለ ሻይ ሊጠጣ ወጣ። ወይዘሮ ትርንጎ ግን እጇን ጭንቅላቷ ላይ ጭና ወንበሯ ላይ ቀረች።

ለእሷ ነገሩ የሪፖርት ጉዳይ አልነበረም። ትርንጎ ጸጉሯ የሸበተው ድምፅ መቅጃ አንጠልጥላ ጎጥ ለጎጥ እየዞረች የወረዳውን የድሮ ዘፈን፣ ቀረርቶና ሙሾ ስትሰበስብ ነው። ያ ሁሉ ድምፅ ያለው እዚያው ኮምፒውተር ውስጥ ነበር። ባለፈው ክረምት ያረፉት የታወቁት ሙሾ አውራጅ፣ የእማማ ዝማም ድምፅም እዚያው ነው፤ ሌላ ቦታ የለም። ድምፁ የሚገለበጥበት ትርፍ ማስቀመጫ ይገዛልኝ ብላ ጠይቃ ነበር፤ ኃላፊው ግን «አንድ ኮምፒውተር እያለ ሌላ ማስቀመጫ ብክነት ነው» ብለው መለሷት።

ኃላፊው አቶ ደምለው ይባላሉ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ችግራቸው የማያውቁት ነገር አለመኖሩ ነው። ወደ ባህል የመጡት በቅርቡ፣ ከእንስሳት ሀብት ጽሕፈት ቤት ተዛውረው ነው። መቼም ሹመት እንዲህ ነው፤ ዛሬ ላም ላይ የነበረ ሰው ነገ መንገድ ላይ፣ ከነገ ወዲያ ደግሞ ዘፈን ላይ ይመደባል። አቶ ደምለው ሲመጡ ንግግራቸውንም ጠቅልለው ይዘውት መጡ። ከባህል ቡድኑ ጋር በተዋወቁበት ዕለት መድረክ ላይ ወጥተው፣ «የዘፋኞቻችንን ዝርያ አሻሽለን፣ አደልበን፣ ለገበያ እናቀርባለን!» አሉ። ተጨበጨበ፤ ኃላፊ ሲናገር ይጨበጨባላ።

እንግዲህ ከገበያው ማዶ ኮምፒውተር የሚጠግነው አምሳሉ ተጠራ። መጥቶ ኮምፒውተሩን ፈታታው፣ አሸተተው፣ አገላብጦ አየው።

«እትዬ ትርንጎ፣ አይዞሽ» አላት። «የተቃጠለው ማዘርቦርዱ ነው። ይሄ ሁሉም ነገር የሚሰካበት ትልቁ ሰሌዳ። ዘፈንሽ ያለው ሃርድ ዲስኩ ላይ ነው፤ እሱ ደህና ነው። ሌላ ሰሌዳ አምጥቼ ዲስኩን እንዳለ እሰካልሻለሁ።»

«እንዳለ ስትል?»

«ዊንዶውሱንም፣ ፋይሉንም ሳልነካ ነዋ።»

ትርንጎ ግንባሩን ልትስመው ምንም አልቀራት።

አምሳሉ እንዳለውም አዲሱን ሰሌዳ ይዞ መጣ። ገጠመው፣ ብሎኑን አጠበቀ፣ ዲስኩን ሰካ። ጣቱን ወደ ማብሪያው ሲዘረጋ አቶ ደምለው በሩን ከፍተው ገቡ።

«ቆይ! ቆይ! ፎርማት ተደርጓል?»

«የለም ጌታዬ። ዊንዶውሱን እንዳለ ልሞክረው ነው።»

«እንዳለ?» አቶ ደምለው ሳቁ። «አዲስ ማዘርቦርድ ላይ አሮጌ ዊንዶውስ! ወንድሜ፣ እኔ በዚህ ጉዳይ ሥልጠና ወስጃለሁ። አዲሱ አሮጌውን አያውቀውም፤ አሮጌውም አዲሱን አያውቀውም። ይጋጫሉ። ሁሉም ተጠርጎ ከዜሮ ነው የሚጀመረው።»

ሥልጠናው በዶሮ እርባታ መረጃ አያያዝ ላይ እንደነበር ግን አልተናገሩም።

«ጌታዬ፣ አንዳንዴ እምቢ ይላል፤ ብዙ ጊዜ ግን ይነሳል» አለ አምሳሉ። «እምቢ ካለ ያኔ ሌላ መላ…»

«አንዳንዴ የሚባል አሠራር የለም! ከዞን እንግዶች ይመጣሉ። ንጹሕ ኮምፒውተር ነው ማየት ያለባቸው።»

«ቢያንስ ዲስኩን ሱቄ ወስጄ ዘፈኑን ልገልብጠዋ።»

«የመሥሪያ ቤት ንብረት ከግቢ አይወጣም!»

ትርንጎ ከወንበሯ ተነሳች። «ዘፈኑስ አቶ ደምለው?»

«ዘፈኑማ እንደገና ይቀዳል።»

«እማማ ዝማምን ከመቃብር ጠርቼ ነው የማስቀዳው?»

«ሌላ አልቃሽ ይፈለጋላ፤ በዚህ አገር አልቃሽ ጠፍቶ ያውቃል?»

አምሳሉ መሬት መሬቱን አየ። ሥራው የእሱ፣ ዕቃው ግን የመሥሪያ ቤቱ ነው፤ ኃላፊ ካዘዘ ምን ይላል? ቀስ ብሎ ከቦርሳው የፎርማት ፍላሹን አወጣ። ሻይ ሊጠጡ የወጡት ሠራተኞች ተመልሰው በሩ ላይ ተኮልኩለዋል። ትርንጎ ፍላሹን ስታይ ንዴቷ መጣ። ንዴቷ ሲመጣ ደግሞ ድምፅዋ ይለሰልሳል፤ የሚያውቋት ሁሉ ይህን ይፈሩታል።

«አቶ ደምለው፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ?» አለች ለስለስ ብላ።

«ይጠይቁ ወይዘሮ ትርንጎ።»

«ከእንስሳት ሀብት ወደኛ ሲዛወሩ ምን ምን ተቀየረብዎ?»

«ምን ያልተቀየረ አለ? ቢሮው፣ ጠረጴዛው፣ ሠራተኛው፣ ሥራው ራሱ!»

«ማለት፣ የተቀመጡበት ነገር ሁሉ አዲስ ሆነ።»

«አዎ፣ ሁሉም አዲስ ነው።»

«ታዲያ እርስዎን ፎርማት ያደረገዎ አለ?»

በሩ ላይ ከቆሙት አንዱን ሳል አነቀው። አቶ ደምለው አፋቸውን ከፈቱ፤ ትርንጎ ግን አልጨረሰችም።

«ባለፈው ሳምንት ከበሮ መቺያችንን ሲያስለው ‹ከመንጋው ለዩት› አሉ፤ ለየነው። ድምፃዊቷ የወሊድ ፈቃድ ስትጠይቅ ‹ስንት ወለደች?› አሉ፤ አንድ ብለን መለስን። እንዳሉ መጡ፣ እንዳሉ እየሠሩ ነው፤ ቢሮውም ይኸው ቆሟል። እኛ እርስዎን ከቻልን፣ ይሄ ሰሌዳ አንድ ዊንዶውስ መቻል ያቅተዋል?»

ሳቁ በሩ ላይ ፈነዳ። ሒሳብ ሹሟ ሆዷን ይዛ ወደ ኮሪደሩ ሸሸች። አቶ ደምለው ቀሉ፤ ሊቆጡ አሰቡ፤ ዞር ብለው ሲያዩ ጥበቃው ሳይቀር ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። ሁሉንም በአንዴ መቅጣት አይቻልም።

«እስቲ አብራው» አሉ አምሳሉን፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

አምሳሉ አበራው። የኮምፒውተሩ ማያ ጠቆረ፣ ነጣ፣ መሣሪያዎች እየተዘጋጁ ነው አለ። ራሱን አጠፋና እንደገና ተነሳ። ከዚያ የራሷ ማያ፣ የራሷ ፋይሎች፣ እንደ ተወቻቸው ተደርድረው ብቅ አሉ። ጥግ ላይ የዊንዶውስ ፈቃድ ይታደስ የምትል ትንሽ ጽሑፍ ብቻ ተጨምራለች።

«እሷ ትለፍልፍ» አለ አምሳሉ፤ «ሥራ አታስቆምም።»

ትርንጎ አንዱን ፋይል ነካችው። የእማማ ዝማም ድምፅ ወጣ፤ የሞተ ልጇን በስሙ እየጠራች የምታለቅስ እናት ሙሾ ነበር። በሩ ላይ ሲስቁ የነበሩት አንድ በአንድ ወደ ውስጥ ገቡ። ትርንጎ ፊቷን ሳትሸፍን አለቀሰች። አቶ ደምለውም መነጽራቸውን አውልቀው መሐረብ ፈለጉ።

«ወይዘሮ ትርንጎ፣ ያንን ማስቀመጫ ዛሬውኑ ያስገዙ» አሉ አፍንጫቸውን እየጠረጉ። «እንዲህ ያለ ዝርያማ መጥፋት የለበትም።»

ትርንጎ እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችና ወደ አምሳሉ ጠጋ አለች።

«አየህ ልጄ?» አለችው በሹክሹክታ። «እንዳለ ይሠራል።»