የአትጠገብ ልጅ ስም

ባለፈው ክረምት፣ ዝናቡ ማባራት በረሳበት ክፉ ነሐሴ፣ አትጠገብ የምትባል ሴት ምጥ ከያዛት ሁለት ቀን ሆናት። ባሏ በዚያው ዓመት ሞቷል፤ ያሏት ሦስት ወንድሞች ብቻ ናቸው። ጤና ጣቢያው ከወንዝ ማዶ፣ ወንዙም ጢም ብሎ የሞላ። «ያተረፈኝ ሰው የልጄን ስም ያውጣ» ብላ ማለች።

ሴቶቹ እንደ አገሩ ወግ ተንበርክከው «ማርያም! ማርያም!» ይላሉ። መካከለኛው ወንድሟ ልሳኑ እምነቱን ከለወጠ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ደጃፉ ላይ ቆሞ፣

«ጌታን ጥሩ እንጂ! ባለቤቱ በር ከፍቶ እየጠበቀ ጎረቤት ይለመናል?» አለ።

የታላቁ፣ የጥበቡ፣ ደም ሥር ተገታተረ። «ትናንት ጉባኤህን ‹ለእኅቴ ጸልዩላት› ብለህ የለም? እነሱ ከተለመኑ የጌታ እናት ብትለመን ምን ነውር አለው?»

«እነሱማ በሕይወት አሉ!»

«እግዚአብሔር ዘንድ ያለ ሞተ ይባላል?»

አዋላጇ እትዬ ዘርፌ ብቅ አሉ። «ልጅ ለናቷ ምጥ አስተማረች አሉ! እናንተ ስትሟገቱ ይቺ ልጅ ልታመልጠን ነው። ቃሬዛ አምጡ!»

ታናሹ አንዳርጌ ጸሎት ላይ ሰነፍ ነው፤ ቤተ ክርስቲያንም ጉባኤም ደጃፋቸው ላይ አይታይም። እሱ ቀድሞ ቃሬዛውን እያሰረ ነበር።

ተሸካሚ ግን የለም። የመንደሩ ወንዶች ፍልሰታን ብለው ማርያም ደብር ሱባኤ ገብተዋል፤ ጾሙ ሳይፈታ ከቅጥሩ ላይወጡ ቃል አለባቸው። ጥበቡ በጭቃው ሮጦ ደረሰባቸው። «ሱባኤ የገባችሁላት እመቤት ናት የምትጠራችሁ፤ እኅቴ በስሟ እየጮኸች ነው» አላቸው። ስድስቱ ቃላቸውን አፍርሰው ተከተሉት። በሌላ በማንም ስም ቢጠሩ ንቅንቅ አይሉም ነበር።

ስድስቱም አትጠገብን ተሸክመው ወንዙ ዳር ሲደርሱ ወደ ኋላ አፈገፈጉ። ያኔ ልሳኑ ገመድ በወገቡ ታጥቆ፣ «በኢየሱስ ስም!» ብሎ ገባ። ጎርፉ ሁለቴ ውጦ ሁለቴ ተፋው። ማዶ ወጥቶ ገመዱን ከአንድ ዋርካ ጋር አሰረ። ያ እምነት ባይኖረው እንኳን ሊሻገር፣ ዳር ላይም አይቆም ነበር።

ገመዱን ይዘው ገቡ። መሐል ሲደርሱ የፊተኞቹ አዳለጣቸው፤ ቃሬዛው ወደ ውሃው አዘነበለ። አንዳርጌ ከሥር ገብቶ በትከሻው ደገፈ። አጥንቱ ሲሰበር ተሰማው፤ ዓይኑ ጨለመ። አትጠገብ የሆነ ነገር ጮኸች፤ ወንዙ ዋጠው። አንዳርጌ ግን አለቀቀም። ተሻገሩ፤ ያን ዕለት ማታ ሴት ልጅ ተወለደች።

ጠያቂው ሁሉ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ሲላት ልሳኑ ፊቱን ያዞር ነበር። ጥበቡ «ማርያማዊት ተብላ ክርስትና ትነሣ» አለ። ልሳኑ «ኢየሱስወርቅ ትባል፤ ካልሆነ ደጅሽን አልረግጥም» አለ። ጥበቡም ያንኑ ማለ። አትጠገብ ሁለት ወር ተኩል አለቀሰች። በመጨረሻ ሦስቱን ሰብስባ፣

«ውሃው ላይ ማርያምንም ኢየሱስንም አልጠራሁም» አለች። «ሟች እናታችንን ነው የጠራሁት። ‹እማዬ፣ ያዢኝ!› ነው ያልኩት።»



«እናታችን ከሰማች፣ እመቤታችንማ እንዴት አትሰማ!» አለ ጥበቡ።

ልሳኑ እንባው መጣ። «እማዬ አልሰማችሽም፣ እኅቴ። ማንን እንደጠራሽ ሳይቆጥርብሽ ጌታ ሰማሽ።»

አንዳርጌ የታሰረ ትከሻውን ደገፍ አደረገ። «እኔ ከቃሬዛው ሥር ሆኜ ሰምቼሻለሁ» አለ። «ልለቅሽ ነበር። እማዬን ስትጠሪ ነው የያዝኩሽ።»

ነገ ሕፃኗ ሰማንያ ቀን ይሞላታል፤ እስካሁን ስም የላትም። እኔ ከሦስቱም ቤት እንጀራ የበላሁ ሰው ነኝና አልፈርድም። እናንተ ግን አትሽሹ፤ ያቺን ጩኸት የሰማው ማነው? ስሟንስ ማን ያውጣላት?