ካምቢዮው ከወረደ በኋላ የመጣው ድምፅ

ይህን ተረት ስለምነግራችሁ ከወዲሁ ይቅርታ እጠይቃለሁ። የተከበረ ሙያ ይነካል፤ ወደ መጨረሻው ደግሞ የሚያሳፍር ነገር አለበት። ቢሆንም እውነትን መሸሸግ የባሰ ነውር ነውና ልንገራችሁ።

አንድ ጊዜ እመት አህያ በጀርባዋ መጫን ሰልችቷት አሮጌ ፒክአፕ ገዛች። ማርሽ አልገባ ሲላት ወደ መካኒኩ አያ ጅቦ ወሰደቻት። አያ ጅቦ የማርሹን ሳጥን፣ ካምቢዮውን፣ አወረደ፣ ጠገነ፣ መልሶ ሰቀለ። ማርሹ እሺ ብሎ ገባ። መኪናዋ ስትንቀሳቀስ ግን ከሥሯ «ቋ! ቋ! ቋ!» ማለት ጀመረች።

እመት አህያ ላብ አጠመቃት። በማግስቱ አያ አንበሶን ከነሚዜዎቹ ሸለቆውን አሻግራ ሠርግ ልታደርስ ቃል ገብታለች። መኪናዋ ሸለቆው ውስጥ ከቆመች አንበሳው የሚርበው እዚያው ነው፤ ሹፌሯም ያለችው እዚያው ነው።

«አያ ጅቦ፣ ምንድን ነው ይሄ ድምፅ?»

«ያረጀ መኪና ይጮሃላ! አንቺስ ታናፊ የለም እንዴ?»

«ለአንተ ሳልሰጥህ በፊት አትጮህም ነበር!»

«ዓይን አፋር ነበረቻ። አሁን ተዝናናች።»

ለማንኛውም ለሙከራ አብረው ወጡ። ጅቡ ከጎኗ ተቀመጠ። አሁን ደግሞ ከሥር «ቋ ቋ»፣ ከጎን «ቅጭል ቅጭል»።

«ይኸው ሁለት ሆነልህ!» አለች አህያ።

«ዲፈረንሻሉም ይውረድ፤ ሞተሩም ይውረድ፤ ወንበሩም ይውረድ» አለ ጅቡ።

ቀበሮ መንገድ ዳር ቆሞ ይሰማ ነበር። «ከሁሉ በፊት አያ ጅቦ ይውረድ» አለ።

ጅቡ እያጉረመረመ ወረደ። አህያ ብቻዋን ዞራ መጣች።

«የጎኑ ጠፋ! የሥሩ ግን አለ።»

«ቆመሽ ሞተሩን ብቻ ስታስነሺውስ?» አለ ቀበሮ።

«ጭጭ። ጎማው ሲዞር ነው የሚጮኸው።»

«እንግዲያው ሞተሩን አትውቀሱት» አለና ቀበሮ ከመኪናዋ ሥር ገባ። ከካምቢዮው ወደ ኋላ ጎማ የሚሄደውን ረጅም ዘንግ አራት ቡሎን ሊያስረው ይገባ ነበር፤ ያሉት ሁለት ናቸው።

«አያ ጅቦ፣ ስትሠራ ቡሎን የት ታስቀምጣለህ?»

«እንደ ማንኛውም መካኒክ በጥርሴ ይዤ ነዋ! እጄ በምን ይሥራ?»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ…» አለ ጅቡ። በዕድሜው አፉ ገብቶ ተመልሶ የወጣ ነገር ትዝ አላለውም።

«እስቲ ዝለል።»

ዘለለ። «ቅጭል!» አለ ሆዱ።

ይህን ጊዜ አያ አንበሶ የነገ መኪናውን ሊያይ መጣ። ነገሩን ሰምቶ ጥፍሩን ቀስ ብሎ አወጣ። «እንግዲህ ሆዱም ይውረዳ!»

ቡሎኖቹ በድንጋጤ በየት በኩል እንደወጡ መናገር ጨዋነት አይደለም። ብቻ ወጡ፣ ታጠቡ፣ ታሰሩ፤ መኪናዋም ጸጥ አለች። በማግስቱ አንበሳው ሠርጉ ላይ በሰዓቱ ደረሰ፤ እመት አህያም ከነጆሮዋ ቤቷ ገባች። ከዚያ ወዲህ አያ ጅቦ መኪናዋን የሚነካው እየዘፈነ ብቻ ነው፤ እየዘፈነ የሚውጥ የለምና።

ከዚህ የምንማረው፣ ከጥገና በኋላ መኪና ሲጮህ ሌላ ዕቃ ከማውረድ በፊት መካኒኩን አውርዶ ሆዱን ማድመጥ እንደሚገባ ነው።

አደራችሁን፣ ይህን ለማንም እንዳትደግሙት፤ የእኔም መኪና ገና ከጋራዥ አልወጣችም።