ትኩሱ እንቁላል

አንድ ባላባት ሁለት ወንዶች ልጆች ነበሩት። ሰኞ ዕለት በእርሻ ድንበር ተጋጭተው ታናሹ በታላቁ ላይ ዱላ አነሣ። አባት የቤቱ ፍቅር ሲናድ ቆሞ ማየት አልሆነለትምና፣ «ነገ በአንድ ገበታ ትቀርባላችሁ፤ ታርቃችሁም ትነሣላችሁ» ሲል አዘዘ።

ወጥ ሠሪዋ በለጥሻቸው ለታላቅ ቀን ትኩስ ነገር ይገባል ብላ፣ ዶሮዎቹ በዚያው ጠዋት ከጣሉት እንቁላል ግማሹን ቀቀለች። ስትልጠው ግን ቅርፊቱ ነጩን እየቦጨቀ መጣ። አንድም በደህና አልወጣ። በዚያ አገር ደግሞ የተቦጨቀ እንቁላል በዶሮ ወጥ ማቅረብ እንግዳን መናቅ ነው። አንዱን ይዛ እየሮጠች ወደ ጎረቤቷ አሮጊት ሄደች።

«እማማ ጥሩወርቅ፣ ጉድ ሆንኩልዎት! ይህን ባቀርብ ታናሽየው ‹ፈንጣጣ የበላውን አቅርበው ናቁኝ› ብሎ ገበታውን ረግጦ ይወጣል።»

አሮጊቷ አገላብጠው አይተው ሳቁ። «ኧረ ይህንስ ጅብ ነው የበላው! መቼ የተጣለ ነው?»

«ዛሬ ጠዋት ነዋ! ትኩስ ነው።»

«ጥፋትሽ እሱ ነው፣ ልጄ። ትኩስ እንቁላል ቅርፊቱን አይለቅም። ሳምንት ይረፍ። ከዚያ የፈላ ውኃ ውስጥ ጨምሪው፤ እንደ በሰለ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ክተቺው። ራሱ ይለቅልሻል።»

ያረፈ እንቁላል ስላልነበራት፣ በለጥሻቸው ለጌታዋ ሁሉንም ነገረችው። ባላባቱ የተቦጨቁትን እንቁላሎች ተመለከተ።

«የልጆቼም ቁጣ ገና የትናንት ነው» አለ። «ዛሬ በግድ ብልጠው ልባቸውን አብሬ እቦጭቃለሁ። ግብዣው ለሚመጣው ማክሰኞ ይሁን።»

በዚያ ሳምንት ዝም ብሎ አልተቀመጠም። ልጆቹን ለየብቻ እየጠራ የሚያቃጥለውን እውነት ነገራቸው፤ ቀጥሎም በለሰለሰ ቃል አበረዳቸው።

ማክሰኞ ደረሰ። በለጥሻቸው የተረፉትን እንቁላሎች አሮጊቷ እንዳሉት ቀቀለች፤ ቅርፊቱ ከትከሻ እንደሚወርድ ነጠላ ተንሸራተተ። በገበታው ላይ ታላቁ ወንድም ሙሉ እንቁላል አንሥቶ ለታናሹ አጎረሰው።

«ጋሼ፣ ልታንቀኝ ነው እንዴ?» አለ ታናሹ፣ ጉንጩ ተወጥሮ።

«በዱላ የከለከልኸኝን ድንበር በእንቁላል ልውሰደው ብዬ ነው!»

ሳቃቸው ከእነርሱ ቀድሞ ድንበሩን ተሻገረ።

ወዳጄ ሆይ፣ ዕርቅ የሚዘገየው ሁልጊዜ ልብ ስለ ደነደነ አይደለም። ቀን ያስፈልገዋል፤ እሳትም፣ ቀዝቃዛ ውኃም ያስፈልገዋል። አንተስ ዛሬ በጥፍርህ የምትቧጥጠው ቅርፊት የማንን ልብ የሸፈነ ነው? ስንት ቀንስ ሰጠኸው?