ከአስካለ ደጅ አልሄድ ያለው ውሃ

ተረት ልጀምር ነው፤ ያልተቀመጠ ይቀመጥ፣ ጫማው የረጠበም አውልቆ ይስማ።

ዋርካ በር በምትባል ትንሽ ከተማ፣ መሃል ጎዳናው ላይ፣ አስካለ የምትባል ልብስ ሰፊ ነበረች። እጇ ፈጣን፣ አፏም ከእጇ የማያንስ ሴት ናት። ዓመቱን ሙሉ የምትኖረው በነሐሴ ሥራዋ ነው፤ ትምህርት ቤት ሊከፈት ሲል እናቶች ልጆቻቸውን እየጎተቱ ይመጣሉ፣ እሷ ትለካለች፣ ትቆርጣለች፣ ዩኒፎርም ትሰፋለች። ዘንድሮ ግን ዝናቡ ወረደና ውሃው ደጇ ላይ ተኛ። እናቶች እስከ ውሃው ዳር ይመጣሉ፣ ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው ያዩታል፣ ከዚያ ታች ሰፈር ወዳለው ሰፊ ይዞራሉ። ነሐሴ እንዲህ ካለፈ ሱቁን መዝጋት ነው። አስካለ ይህን ታውቃለች፤ ፈርታለችም። የፈለገችው አንዲት ትንሽ ነገር ናት፤ ውሃው ይሂድላት።

ጎዳናው ማኅበር አለው። ነጋዴዎቹ ተሰብስበው "መሃል ከተማችንን እናሳምር" ብለው ያቋቋሙት ነው። ሊቀ መንበር አለው፣ ማኅተም አለው፣ የሚያምር ቢጫ ታፔላ አለው። ጎዳናው እንዲጸዳና እንዲበራ በጭብጨባ ተወስኗል። ከጭብጨባው በኋላ ሁሉም ወደየሱቁ ገብቶ "ማኅበሩ ያደርገዋል" እያለ ይጠብቃል። አስካለ መጠበቅ ሰለቻት።

"ማኅበሩ ማለት እኛው አይደለን እንዴ!" አለችና የምትሰፋውን ሰማያዊ ጨርቅ ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ፣ ውሃውን ዘላ ወጣች።

ውሃው የማይሄደው ቦዩ ተደፍኖ ነው። ቦዩን የደፈነው ካርቶን ነው። ካርቶኑ የቴሌቪዥን ነጋዴው የሙባረክ ነው።

"ሙባረክ፣ ካርቶንህን አንሳልኝ።"

"እትዬ አስካለ፣ አንስቼ የት ላድርሰው? ጋሪው ይምጣና አሁኑኑ እጭናለሁ። ጋሪ ከሌለ ግን አላነሳም።"

ጋሪው ካልመጣ ካርቶኑ አይነሳም፤ ካርቶኑ ካልተነሳ ቦዩ አይከፈትም፤ ቦዩ ካልተከፈተ ውሃው አይሄድም፤ ውሃው ካልሄደ እናቶች አይገቡም። አስካለ ወደ ጋሪው ሄደች።

ቆሻሻ የሚጭነው ባለ ጋሪ፣ ደበላ፣ ጎዳናው መግቢያ ላይ ቆሞ ፈረሱን ሣር ያበላል።

"ደበላ፣ ምነው ጠፋህ? ግባ እንጂ!"

"በየት በኩል ልግባ እትዬ? በባጃጆቹ ጣሪያ ላይ? መግቢያውን ጥርቅም አድርገው ዘግተውታል። እነሱ ካልለቀቁ ፈረሴን አላንቀሳቅስም።"

ፈረሱም ራሱን ነቀነቀ። ባጃጆቹ ካልለቀቁ ጋሪው አይገባም፤ ጋሪው ካልገባ ካርቶኑ አይነሳም፤ ካርቶኑ ካልተነሳ ቦዩ አይከፈትም፤ ቦዩ ካልተከፈተ ውሃው አይሄድም፤ ውሃው ካልሄደ እናቶች አይገቡም። አስካለ ወደ ባጃጆቹ ዞረች።

የባጃጆቹ ተራ አስከባሪ ሽብሩ ይባላል፤ ፉጨቱ ሦስት ሰፈር ይሰማል።

"ሽብሩ፣ ልጆቹን ወደ ማቆሚያቸው አውርድልኝ።"

"ማቆሚያችን ዳቦ ቤቱ ፊት መሆኑ ጠፍቶኝ ነው? ማኅበሩ ራሱ የሰጠን ቦታ ነው። ግን ሰማዩ ዳመን ሲል እንኳ ድቅድቅ ይላል። ጨለማ ውስጥ ማን ይሳፈራል? መብራቱ ካልበራ አንወርድም፣ እትዬ።"

መብራቱ ካልበራ ባጃጆቹ አይለቁም፤ ባጃጆቹ ካልለቀቁ ጋሪው አይገባም፤ ጋሪው ካልገባ ካርቶኑ አይነሳም፤ ካርቶኑ ካልተነሳ ቦዩ አይከፈትም፤ ቦዩ ካልተከፈተ ውሃው አይሄድም፤ ውሃው ካልሄደ እናቶች አይገቡም። ትንፋሽ የሚያሳጥር ነገር ነው፤ አስካለ ግን ትንፋሿ አላጠረም። ወደ መብራቱ ገሰገሰች።

መብራቱ የተሰቀለው ዳቦ ቤቱ ግድግዳ ላይ ነው። ዳቦ ጋጋሪው ጋሽ ታፈሰ የአስካለ የቅርብ ጎረቤት ናቸው፤ ሱቃቸውን የሚለየው አንድ ግድግዳ ብቻ ነው። ከተማውን ዞራ ዞራ የደረሰችው እዚያው ራሷ ሱቅ አጠገብ መሆኑ አስካለን ትንሽ ገረማት።

"ጋሽ ታፈሰ፣ እባክዎ ይህን መብራት ያብሩልን።"

"አላበራም።"

"ምነው! ለምን?"

"ባበራው ምን ይታያል? ደጄ ላይ የተቆለለው ቆሻሻ! ያንን ያየ ሰው ዳቦዬን ይገዛል? ጨለማው ይሻለኛል።"

አስካለ ደሟ ፈላ። "ማነው እንዲህ የሚቀልድብዎት? ስሙን ብቻ ይንገሩኝ፣ እኔ ልክ አስገባዋለሁ!"

ጋሽ ታፈሰ ትከሻዋ ላይ ያለውን ጨርቅ አዩ። ቀጥለው ደጃቸው ላይ የተቆለለውን አዩ። አስካለም ዓይናቸውን ተከትላ አየች። ክምሩ ቁርጥራጭ ጨርቅ ነው። ሰማያዊ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አስካለ ጠዋት ጠዋት ደጇን ትጠርጋለች፤ በጎዳናው እንደሷ የሚጠርግ የለም። መጥረጊያዋ ግድግዳው ጋ ሲደርስ ይቆማል፣ የተጠረገውም እዚያው የጋሽ ታፈሰ ወሰን ላይ ይቀራል። የጎዳናው ሰው ሁሉ የሚጠርገው እንዲሁ ነው፤ ማንም ነውር ብሎት አያውቅም።

አስካለ አፈረች። ፊቷ እስከ ጆሮዋ ድረስ ጋለ።

"ለምን አልነገሩኝም፣ ጋሽ ታፈሰ?"

"እንዴት ብዬ? ጎረቤቴ አይደለሽ? ማኅበሩ ይነግርልኛል ብዬ ስጠብቅ ከረምኩ።"

ለካ ቁርጥራጩ ካልተነሳ መብራቱ አይበራም፤ መብራቱ ካልበራ ባጃጆቹ አይለቁም፤ ባጃጆቹ ካልለቀቁ ጋሪው አይገባም፤ ጋሪው ካልገባ ካርቶኑ አይነሳም፤ ካርቶኑ ካልተነሳ ቦዩ አይከፈትም፤ ቦዩ ካልተከፈተ ውሃው አይሄድም፤ ውሃው ካልሄደ እናቶች አይገቡም! አስካለ ሳቋ መጣ። እፍረትና ሳቅ አንድ ላይ ሲመጡባት ከሁለቱ ሳቁ አሸነፈ።

ማዳበሪያ ከሱቋ አወጣችና ጎንበስ ብላ ቁርጥራጯን በሁለት እጇ ጠቀጠቀች። ለትራስ የሚሆን ስንት ነገር ስትጥል ኖራለች!

ቁርጥራጩ ተነሳ፤ ጋሽ ታፈሰ መብራቱን አበሩ። መብራቱ በራ፤ ሽብሩ አፏጨ፣ ባጃጆቹ ተንጋግተው ወረዱ። ባጃጆቹ ለቀቁ፤ ደበላ "ሂድ!" አለ፣ ጋሪው ገባ። ጋሪው ገባ፤ ሙባረክ ሱሪውን ሰብስቦ ቦዩ ውስጥ ወረደ። ካርቶኑ ተነሳ፤ ቦዩ ተከፈተ። ቦዩ ተከፈተ፤ ውሃው መጀመሪያ ዝም አለ፣ ቀጥሎ ጉርጉር አለ፣ ከዚያ ተጠራርጎ ሄደ።

እዚያ ማዶ አንዲት እናት ልጇን ይዛ ወደ ታች ሰፈር ልትዞር ስትል ቆመች። ከውሃው ስር ብቅ ያለውን የጎዳናውን ድንጋይ አየች። ልጇን እየጎተተች ገባች።

"ይለካልሽ!" አለች አስካለ፤ ሜትሩን አንስታ አንገቷ ላይ አንጠለጠለች።

በማግስቱ ጠዋት ሦስት እናቶች ደጇ ላይ ቆመው ይጠብቋት ነበር። አስካለ ግን መጥረጊያ ይዛለች።

"እትዬ፣ እባክሽ ቶሎ በይልን፣ ልጆቹ ተሰላቹ" አሏት።

"መጣሁ፣ መጣሁ" አለች። መጥረጊያዋ ግድግዳው ጋ ደረሰ፤ አልቆመም። የጋሽ ታፈሰን ደጅ ጠርጋ፣ የሁለቱን ደጅ ጥራጊ በአንድ ማዳበሪያ ከታ፣ አፉን አሰረችው።

ተረቴ ይኸው ነው፤ አፌን የምታብሱበትን ዳቦ ከጋሽ ታፈሰ ግዙልኝ፣ መብራታቸው በርቷል።