ያልታመሙት ዶሮዎች

አቶ ሞላልኝ አርባ ሺህ ዶሮ በአንድ አዳራሽ አጭቀው ያረባሉ። ወረዳው «ለዶሮ በየቀኑ መድኃኒት ሲሰጥ ጀርሙ ይለምደዋል፤ ያኔ መድኃኒቱ የታመመ ሰው ማዳን ያቆማል» ብሎ ተቆጣጣሪ ሊመድብባቸው ሲል ተናደዱ። የሰፈሩን ሰው ሰብስበውም «ተቆጣጣሪ አያስፈልግም» የሚል ወረቀት ያስፈርሙ ጀመር። ሁሉም እምቢ ማለት እያፈረ ፈረመ፤ ወረቀቱ አንዲት ሽንኩርት ቸርቻሪ ዘንድ ሲደርስ ግን ቆመ።

«ምን ትጠብቂያለሽ? በእኔ ዶሮ የታመመ ሰው አለ?»

«እስካሁን የለም፣ ጋሼ። ዶሮዎቹስ ታመው ነው መድኃኒት የሚወስዱት?»

«ኧረ አንዷም አላስነጠሰች! እንዳይታመሙ አስቀድሜ ነው እንጂ። ታመው እስኪወድቁ የሚጠብቅ ሞኝ ብቻ ነው» አሉ ደረታቸውን ነፍተው።

«እንግዲያው እኛንም እንደ ዶሮዎችዎ ይዩን» አለች፣ እስክሪብቶውን እየመለሰችላቸው። «ተቆጣጣሪው ሳንታመም ይምጣልን።»